በሁለት ቁራጭ ዳቦ መካከል

የአንድን አገር ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የነገሥታቱን ዘመን፣ የጦርነቱን ድልና ሽንፈት፣ የሕጉንም መጽሐፍ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪክ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ የተሠራ አይደለም። ሕዝብ በየቀኑ የሚቆርሰውን አተኩሮ የተመለከተ ሰው፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተገናኘ፣ ማን በማን ላይ እንደ ሠለጠነ፣ ማንስ ከማን ምን እንደ ተማረ በማዕዱ ላይ ያገኘዋል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከዕለታት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንድ የሥራ ባልደረባችን በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ እርጥብ ይበላ ነበር። እርጥብ ማለት፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ እንደሚያውቀው፣ ዳቦ ተሰንጥቆ የተጠበሰ ድንች የሚጨመርበት፣ በዳጣ ወይም በአዋዜ የሚቀባ፣ በመንገድ ዳር የሚሸጥ ምግብ ነው። ወዲያው አንድ ባለጉዳይ በሩን አንኳኩተው ሲገቡ፣ ባልደረባችን ምግቡን በጋዜጣው ጠቅልሎ በመሳቢያው ውስጥ ሸሸገው። እንግዳው ጉዳያቸውን ፈጽመው ከሄዱ በኋላ ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ ብንጠይቀው፣ «ምን ይደረግ፤ ወግ ያለው ምግብ አይደለም። እንደ እንጀራ የራሳችን አይደል፣ እንደ ሆቴል ሳንድዊች የፈረንጅ አይደል፤ የድኻ ነገር ነው» ሲል መለሰልን።

ይህ መልስ አሳሰበን። በእውነት አንድ ምግብ የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በምንድን ነው? ስሙን በሰጠው ሰው ነውን? ዳቦውን ባመጣው ነውን? ወይስ ሠርቶ በሚበላው ነው? መልሱን ለማግኘት በዳቦ መካከል የሚበላውን ምግብ ታሪክ በልዩ ልዩ አገሮች ተከትለን ለመሄድ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ሳንድዊች በመሠረቱ የስንቅ ወገን ነው። መንገደኛ፣ ዘማች፣ ገበሬና የቀን ሠራተኛ አንድ የጋራ ችግር አለባቸው። ወጡን በድስት፣ እንጀራውን በሞሰብ ተሸክመው መሄድ አይችሉም፤ ሥራውም ቁጭ ብለው እንዲበሉ ጊዜ አይሰጣቸውም። አባቶቻችን ይህን ችግር በበሶ፣ በጭኮ፣ በዳቦ ቆሎና በድርቆሽ አቃለሉት። ሌሎች ሕዝቦች ደግሞ ዳቦውን ራሱን ሳሕንም ማንኪያም መሸፈኛም በማድረግ አቃለሉት። ይህም ዘዴ ከስሙ እጅግ ይቀድማል። በአይሁድ ዘንድ ሂሌል የተባለው ሊቅ፣ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ገና ሳይፈርስ፣ በፋሲካ በዓል ቂጣውንና መራራውን ቅጠል አጣምሮ ይበላ እንደ ነበረ ይተረካል፤ ሥርዓቱም እስከ ዛሬ በፋሲካ ማዕድ ላይ ይፈጸማል። በመካከለኛውም ዘመን ኤውሮፓውያን የደረቀ ዳቦ ቆርጠው እንደ ሳሕን ሥጋ ያቀርቡበት ነበር።

ስሙ የተገኘው ግን በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ነው። ሳንድዊች በኬንት አውራጃ የምትገኝ ጥንታዊት የወደብ ከተማ ስትሆን፣ የማዕርግ መጠሪያ ሆና ለሞንታጉ ቤተ ሰብ ተሰጥታ ነበር። አራተኛው የሳንድዊች ኧርል ጆን ሞንታጉ (1718–1792) ሦስት ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል የበላይ ሹም የሆነ ታላቅ ሰው ነበረ። በ1778 መርከበኛው ጀምስ ኩክ ዛሬ ሃዋይ የሚባሉትን ደሴቶች በእርሱ ማዕርግ «የሳንድዊች ደሴቶች» ብሎ እስከ መሰየም ደረሰ። ደሴቶቹ ያን ስም ከጣሉት ብዙ ዘመን ሆነ፤ ዳቦው ግን አልጣለውም።

የታሪክ ጸሓፊው ኤድዋርድ ጊበን በኖቬምበር 24 ቀን 1762 በጻፈው የዕለት ማስታወሻ፣ ኮኮዋ ትሪ በተባለው የለንደን ክበብ የመንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች በትንንሽ ጠረጴዛዎች ተቀምጠው ቀዝቃዛ ሥጋ ወይም ሳንድዊች ለራት ሲበሉ እንዳየ ይገልጻል። ከዚያም ፒየር ዣን ግሮስሌ የተባለ ፈረንሳዊ ለንደንን ጎብኝቶ በ1770 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ሚኒስትር 24 ሰዓት ሙሉ ከቁማር ገበታ ሳይነሣ በተጠበሰ ዳቦ መካከል የገባ የበሬ ሥጋ ብቻ እየበላ እንደ ዋለና እንዳደረ፣ ምግቡም በስሙ እንደ ተጠራ ተረከ። የሞንታጉን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ኤን. ኤ. ኤም. ሮጀር ግን ሰውየው በዚያ ወራት በመንግሥት ሥራ እጅግ የተጠመደ ስለ ነበረ፣ ዳቦውን የበላው በቁማር ገበታ ሳይሆን በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ይህ እውነት ከሆነ በእንግሊዙ ጌታና በባልደረባችን መካከል ያለው ልዩነት እንዳሰብነው ሰፊ አይደለም። ሁለቱም በሥራ ጠረጴዛ ላይ በሉ፤ ጌታው ግን አልሸሸገም።

ሆኖም ዳቦውን ቆርጦ፣ ሥጋውን አስገብቶ፣ ሌሊቱን ቆሞ ያገለገለው ሰው ስሙ በማንም መዝገብ አልተጻፈም። ስሙ የጌታው ሆነ፤ ሙያው ግን የአገልጋዩ ነበረ። ከአንድ መቶ ዓመት ያነሰ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሳንድዊች ከክበብ ወጥቶ ወደ ጎዳና ወረደ። ሄንሪ ሜይሂው በ1851 ስለ ለንደን ሠራተኞችና ድኾች ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዘው በየቲያትር ቤቱ ደጃፍ የሚቆሙ ሻጮችን ኑሮ ዘርዝሮ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች የአሳማውን ሥጋ ቀቅለው፣ ዳቦውን ቆርጠው አንዱን ሳንድዊች በአንድ ፔኒ ይሸጡ ነበር። ሜይሂው በግምቱ በለንደን ጎዳናዎች በዓመት 436,800 ሳንድዊች እንደሚሸጥ ተናግሯል። የጌቶች ራት የነበረው ምግብ በዚህ ዐይነት የብዙኀን መብል ሆነ።

ወደ ሰሜን ተሻግረን ወደ ዴንማርክ ብንሄድ ነገሩ በሌላ መልክ ይጠብቀናል። የዴንማርክ ሰዎች ስሞርብሮድ የሚሉት ምግብ በቃሉ ትርጓሜ «ቅቤና ዳቦ» ማለት ነው። ዳቦው ሬይ ከተባለ የስንዴና የገብስ ዘመድ እህል የሚጋገር ጥቁርና ጠንካራ ሲሆን፣ ከታች አንድ ቁራጭ ብቻ ይደረጋል እንጂ ከላይ ክዳን የለውም። ቅቤው የዳቦውን ፊት እስከ ጠርዙ ይሸፍነዋል፤ ይህም ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ከላይ የሚደረገው እርጥበት ዳቦውን እንዳያበሰብሰው ነው። በግብዣ ላይ ሲቀርብ ተራ አለው፤ አስቀድሞ በኾምጣጤ የቆየው ሄሪንግ የተባለው ዓሣ፣ ቀጥሎ ሌላው ዓሣ፣ ከዚያ ሥጋው፣ በመጨረሻ አይቡ ይበላል። የሚበላውም በእጅ ሳይሆን በቢላዋና በሹካ ነው። ይህ ሁሉ ወግ እያለው ምግቡ የገበሬና የሠራተኛ ምሳ ከመሆን የመጣ ነው። እስከ ዛሬም ሠራተኛውና ተማሪው በሳጥን ይዞት ሲሄድ፣ ክዳን የሌላቸው ቁራጮች እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ስስ ወረቀት ያደርጋል። እንግዲህ ከድኻ ቤት የመጣ ምግብ ወግ አይኖረውም የሚለው አነጋገር በዴንማርክ አልሠራም።

አሜሪካኖች ደግሞ ለዚህ ምግብ ያዋጡት መኪናውን ነው። በጁላይ 1928 በሚዙሪ ክፍለ አገር በቺሊኮቲ ከተማ፣ ኦቶ ሮህዌደር የሠራው መሣሪያ ዳቦን እኩል እኩል ቆራርጦ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እናት የልጇን የትምህርት ቤት ምሳ ቢላዋ ሳታነሣ ለማዘጋጀት ቻለች። ነገሩ ምን ያህል በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ እንደ ገባ የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በጃንዋሪ 1943 መንግሥት ለቁጠባ ሲል የተቆረጠ ዳቦ እንዳይሸጥ ቢከለክል፣ የቤት እመቤቶች ተቃውሞ ስለ በረታ ትእዛዙ ሁለት ወር ሳይሞላው በማርች ተሻረ።

እስካሁን ያየናቸው ሕዝቦች ዳቦ ከጥንት የራሳቸው የሆነ ናቸው። ጥያቄያችን የሚከብደው ዳቦው ከባዕድ ገዢ ጋር በመጣባቸው አገሮች ነው። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

ፈረንሳዮች ሳይጎንን በ1859 በጦር ከያዙ በኋላ ረጅሙን ዳቦአቸውን ይዘው ወደ ቪዬትናም ገቡ። የቪዬትናም ቆላ ምድር የሩዝ አገር እንጂ የስንዴ አገር አይደለም፤ ስለዚህ ዱቄቱ ከባሕር ማዶ በመርከብ ይመጣ ነበር። በዚህም ምክንያት ዳቦ የገዢውና የባለጸጋው ምግብ ሆነ። ሕዝቡም «ባን ታይ» አለው፤ የምዕራባውያን ጋገራ ማለት ነው። ፈረንሳዩ በሚበላበት ጊዜ ዳቦውን ለብቻ፣ ቅቤውን ለብቻ፣ ፓቴ የተባለውን የጉበት ቅባትና ቀዝቃዛውን ሥጋ ለብቻ በሳሕን አስቀርቦ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ነበር።

በ1954 የጄኔቫ ስምምነት የፈረንሳይን አገዛዝ አበቃ፤ አገሪቱንም ለሁለት ከፈላት። ያን ጊዜ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደዱ። ከስደተኞቹ መካከል አንድ ባልና ሚስት በ1958 በሳይጎን ሆዋ ማ የተባለች ትንሽ ምግብ ቤት ከፈቱ። ደንበኞቻቸው ሠራተኞችና ተማሪዎች ስለ ነበሩ በሳሕን የቀረበውን ቁጭ ብለው ለመብላት ጊዜ አልነበራቸውም። ስለዚህ በሳሕን ላይ የነበረው ሁሉ በአጭር ዳቦ ውስጥ ገባ። የሳይጎን ሰዎች ግን በዚህ አላበቁም። በቅቤው ፈንታ ማዮኔዝ ቀቡት፤ በኾምጣጤና በስኳር የቆየ ካሮትና ነጭ ሥር ጨመሩበት፤ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ትኩስ የድንብላል ቅጠል አከሉበት። የፈረንሳይ ዳቦ የቪዬትናምን ጣዕም ይዞ ተገኘ። ስሙም እያደር ተለወጠና «ባን ሚ» ተባለ፤ የስንዴ ጋገራ ማለት ነው። «የምዕራባውያን» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። ከ1975 በኋላ ስደተኞች ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራልያና ወደ ፈረንሳይ ይዘውት ሄዱ፤ በ2011ም ቃሉ በእንግሊዝኛው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ተመዘገበ። አንድ ሕዝብ በመድፍ የመጣበትን ዳቦ ተቀብሎ፣ የራሱ አድርጎ፣ የራሱን ስም ሰጥቶ ለዓለም መለሰው ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምሳሌአችን ከሕንድ አገር ነው። ፖርቱጋሎች ጎዋን በ1510፣ ቦምቤይን በ1534 ያዙ። ዳቦ በቋንቋቸው «ፓኦ» ሲሆን ሕንዶቹ «ፓቭ» አሉት። በጎዋ እርሾ ስላልነበረ ጋጋሪዎቹ ሊጡን ከዘንባባ በሚቀዳ መጠጥ ያቦኩት ነበር። ድንችም ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ በፖርቱጋል መርከብ ወደ ምዕራብ ሕንድ እንደ ገባ ይታወቃል፤ የማራቲ ቋንቋ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ ድንችን በፖርቱጋልኛ ስሙ «ባታታ» ይሉታል። ሚጥሚጣና ቃሪያውም የመጣው በዚያው መንገድ ነው።

ከእነዚህ ሦስት እንግዶች የቦምቤይ፣ ማለት የዛሬይቱ ሙምባይ፣ ዋና የጎዳና ምግብ ተወለደ። ስሙ ቫዳ ፓቭ ነው። ድንች ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ተቀምሞ፣ በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ በዘይት ይጠበስና በተሰነጠቀ ዳቦ ውስጥ ይገባል፤ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ የተዘጋጀ ደረቅ ማጣፈጫም ይነሰነስበታል። ምግቡን በ1966 በዳዳር የባቡር ጣቢያ ደጃፍ መሸጥ የጀመረው አሾክ ቫይድያ እንደ ሆነ በከተማው ይነገራል። ገዢዎቹም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለመሥራት ባቡር የሚሳፈሩት ሠራተኞች ነበሩ። በ1982 ሩብ ሚሊዮን የሚያህሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። አድማው ሳይሳካ ብዙ ፋብሪካዎች ሲዘጉ፣ ሥራ ካጡት መካከል ጥቂቶቹ አስቀድሞ ይገዙት የነበረውን ምግብ ራሳቸው እየሠሩ መሸጥ ያዙ። የድኻ ምሳ የነበረው የድኻ መተዳደሪያም ሆነ። ዛሬ በሙምባይ ቫዳ ፓቭ የፖርቱጋል ነው የሚል ሰው ቢነሣ የሚሰማው አይኖርም።

ሦስተኛው ምሳሌ ከአህጉራችን ከአፍሪካ ነው። በኖቬምበር 1860 ትሩሮ የተባለች መርከብ በውል የተቀጠሩ የመጀመሪያዎቹን ሕንዳውያን ሠራተኞች ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ወደ ናታል አመጣች። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በደርባን ከተማ በኖሩበት ዘመን «በኒ ቻው» የተባለ ምግብ ተገኘ። አነጋገሩ በአራት ማዕዘን የተጋገረው የእንግሊዝ ዳቦ ግማሹ ወይም ሩቡ ተቆርጦ መካከሉ ይቦረቦራል፤ በጉድጓዱም በቅመም የተሠራ የባቄላ ወይም የበግ ወጥ ይጨመርበታል። የወጣው የዳቦ ልብ ከላይ ተቀምጦ ክዳን ይሆናል፤ ኋላም ወጡ ይጠቀስበታል። ስለ አጀማመሩ ብዙ ዐይነት ይተረካል። የተረጋገጠው ግን በዘር መድልዎ ዘመን ነጭ ያልሆነ ሰው ለነጮች በተለየ ምግብ ቤት ገብቶ እንዳይቀመጥ ይከለከል የነበረ መሆኑ ነው። ሳሕንና ወንበር ለተነፈገ ሰው፣ ሳሕኑ ራሱ የሚበላለት ምግብ ከዚህ የበለጠ አይገኝም። ዛሬ ያ ሕግ ተሽሮ በኒ ቻው ደርባን የምትኮራበት ምግብ ሆኗል።

አሁን ወደ አገራችንና ወደ ባልደረባችን መሳቢያ እንመለስ። እኛ ዳቦን ለማወቅ ማንንም አልጠበቅንም። ድፎ ዳቦውና አምባሻው ከጥንት በቤታችን የነበሩ ናቸው። እርጥብ የሚሠራበት ትንሹ የፉርኖ ዳቦ ግን ስሙ ራሱ እንደሚያስረዳው ከኢጣልያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፎርኖ በኢጣልያንኛ የዳቦ ምድጃ ማለት ነውና። ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን የወረረው ጠላት በአርበኞች ተጋድሎና በአጋሮች ርዳታ ወጣ፤ ቃሉና ምድጃው ግን ቀሩ። ድንቹንም በ1858 ጀርመናዊው ሊቅ ሺምፐር ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል። ዳጣውና አዋዜው የሚሠሩበት ቃሪያና በርበሬ ደግሞ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከ1492 በፊት በዚህ በኩል ያለው ዓለም አያውቀውም ነበር።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ቢያስብልን እንወዳለን። እርጥብ ዳቦው፣ ድንቹና ቃሪያው ከውጭ ስለ መጡ የራሳችን አይደለም ከተባለ፣ በዓል ያለ እርሱ የማይደምቀው የዶሮ ወጥስ በርበሬው ከወዴት መጣ ሊባል ነው? በርበሬን የኢትዮጵያ ያደረገው የበቀለበት የመጀመሪያው ምድር አይደለም። አጥበው፣ አስጥተው፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከጥቁር አዝሙድ ጋር ወቅጠውና አስፈጭተው በርበሬ ያሰኙት የእናቶቻችን እጆች ናቸው። እንዲሁም ሳይነጋ ተነሥቶ ድንች ልጦ፣ ዘይት አግሎ፣ ዳጣውን ለክቶ በመንገድ ዳር የሚቆመው ወጣት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስሙን ማንም አይመዘግበውም፤ የለንደኑን አገልጋይ ስምም የመዘገበ አልነበረም።

ከተመለከትናቸው አገሮች ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ስም ለጌታ ሊሰጥ ይችላል፤ ዳቦም ከገዢ ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ምግቡ የማን እንደ ሆነ የሚወስነው ግን በመካከሉ ምን እንደ ተጨመረና ማን እንደ ጨመረው ነው። ከሌላ መቀበል ነውር አይደለም። ነውሩ ተቀብሎ የራስን አለመጨመር፣ ወይም ጨምሮ ሲያበቃ በጨመሩት ማፈር ነው። ይህ ደግሞ ለዳቦ ብቻ ሳይሆን ለትምህርትም፣ ለጥበብም፣ ለአስተዳደርም ሥራ የሚያገለግል መሆኑን መምህራንና ተማሪዎች አያጡትም።

ይህን ሁሉ ለባልደረባችን ስናወራው በትዕግሥት ሰማንና፣ «እናንተ ስለ ፖርቱጋል ትነግሩኛላችሁ፤ እኔን ያሳፈረኝ ሌላ ነው። እንግዳ ሲገባ ‹እንብላ› ሳልል ምግቤን መሸሸጌ ነው» አለን። እውነቱን ነበር። በአገራችን ወግ ማዕድ ላይ ለተገኘ ሰው «እንብላ» ማለት ከምግቡ ዐይነት የሚበልጥ ነገር ነው፤ በመሳቢያ ለተሸሸገ ምግብ ግን «እንብላ» አይባልበትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ እኚያው ባለጉዳይ፣ ጠጉራቸው የሸበተ አዛውንት፣ በምሳ ሰዓት ተመልሰው መጡ። ባልደረባችን በዚህ ጊዜ ጋዜጣውን አልጠቀለለም፤ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «አባቴ፣ እንብላ» አላቸው። አዛውንቱም፣ «ብላ ልጄ፤ እኔስ በልቻለሁ» ብለው ሲያበቁ ጥቂት ቆይተው፣ «እስቲ ከዚያች ቁረስልኝ፤ ልጆቼ ሲያወሯት እሰማለሁ» አሉ። ባልደረባችንም እርጥቡን ለሁለት ከፈለው።